ሞስት ወይስ ኢስት? የልጄ ፈተና ነገ ጠዋት ነው፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

የሶስና እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ነገ ጠዋት የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። ሱፐርላቲቭ የሚባለው፣ «ከሁሉ ትልቁ» የምንልበት ነው የሚመጣው ተብሏል። የቤት ሥራዋ ዛሬ ታርሞ ሲመለስ «ሞስት» ያለችባቸው ኤክስ ተደርጎባቸዋል፣ አንዱ ብቻ ራይት ሆኗል። ለምን እንደሆነ አልተጻፈበትም። እሷ እያለቀሰች ነው፣ እኔም ትምህርት ከተውኩ ቆየሁ። መቼ ነው ሞስት የሚባለው? ሳትተኛ ቶሎ በሉልኝ።

በርበሬ፦
አጭር ቃል ከሆነ መጨረሻው ላይ ኢስት ትጨምራለች። ረጅም ከሆነ ከፊቱ ሞስት። በቃ።

የሶስና እናት፦
አጭር ማለት ስንት ፊደል ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ ከሥሩ እንጀምር። ቅጽል ሦስት ደረጃ አለው፤ ፖዘቲቭ፣ ኮምፓራቲቭ፣ ሱፐርላቲቭ። ሳይወዳደር ፖዘቲቭ፣ ሁለት ነገር ሲወዳደር ኮምፓራቲቭ ነው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሱፐርላቲቭ። ኢስት የሚለው ቅጥያ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ነው። ሞስት ከፊት እየገባ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በሼክስፒር ዘመን ሁለቱን መደረብ እንኳ ነውር አልነበረም። ጁሊየስ ሲዛር በተባለው ተውኔቱ ላይ አንቶኒ፣ ብሩተስ ሲዛርን የወጋበትን ቦታ ለሕዝቡ እያሳየ «ዘ ሞስት አንካይንደስት ከት ኦፍ ኦል» ይላል። ዛሬ እንዲህ የጻፈ ተማሪ ኤክስ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ልጅቷ መጀመሪያ ታሪኩን...

ሰላማዊት ከሐዋሳ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ሼክስፒርን ለሌላ ቀን ያቆዩልን። እህት፣ ኤክስ የተደረጉት የትኞቹ ቃላት ናቸው? እነሱን ሳናይ ምን ብለን እንመልስ? ስንተኛ ክፍል ናት?

የሶስና እናት፦
5ኛ ክፍል። ኤክስ የሆኑት ሞስት ቢግ፣ ሞስት ሃፒ፣ ሞስት ጉድ፣ ሞስት ክሌቨር። ራይት የሆነው ሞስት ኤክስፔንሲቭ።

ቡልቡላ፦
የእኔ ልጅ «ሞስት ቤስት ዳዲ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። እሱን ለማረም አንጀት የለኝም።

አንባቢው፦
እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። መምህሯ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ብለን ለምን እንነሳለን? «ሞስት ክሌቨር» ስህተት አይደለም። ክሌቨረስትም ይባላል፣ ሞስት ክሌቨርም ይባላል። ደግሞ ልጅን ሕግ እያሸመደዱ ቋንቋ ማስተማር አይቻልም። ቀለል ያሉ የእንግሊዝኛ ተረቶች ታንብብ። ቢገስት የሚለውን ደጋግማ ካየችው ማንም ሳይነግራት ይገባታል።

የሶስና እናት፦
ወንድሜ፣ ስለ ማንበቡ እውነትህን ነው። ግን ለነገ ጠዋት ተረት አይደርስልኝም።

ጫላ፦
አጭር ከሆነ ኢስት፣ ረጅም ከሆነ ሞስት። ቀላል ነው።

በርበሬ፦
እሱን እኮ ብያለሁ።

ዘጠነኛ ቢ፦
እትዬ፣ እኔ 9ኛ ክፍል ነኝ፣ መምህራችን ያሳየችንን ልንገርዎት። ፊደል አትቁጠር። እጇን አገጯ ሥር ታድርግና ቃሉን ቀስ ብላ ትበል። አገጯ ስንት ጊዜ ወደ ታች እንደወረደ ትቁጠር። ቢግ አንድ ጊዜ ነው። ሃ-ፒ ሁለት። ኤክስ-ፔን-ሲቭ ሦስት። አንድ ከሆነ ኢስት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞስት። ኤክስፔንሲቭ ራይት የሆነላት ለዚያ ነው።

ተንኮሉ ሁለት ሲሆን ነው። መጨረሻው ዋይ ከሆነ ዋይን ወደ አይ ቀይራ ኢስት ትጨምር፤ ሃፒ ሃፒየስት፣ ኢዚ ኢዚየስት ይሆናል። ሌሎቹ ብዙዎቹ ሞስት ይወስዳሉ፤ ሞስት ፌመስ፣ ሞስት ኬርፉል፣ ሞስት ሞደርን። ክሌቨር፣ ናሮው፣ ሲምፕል፣ ኳየት ሁለቱንም ይችላሉ። ግን መምህሯ በኢስት ስለሚያርሙ ነገ ክሌቨረስት ብላ ትጻፍ።

ስፔሊንግ ላይ ደግሞ ትጠንቀቅ። ቢግ፣ ሆት፣ ሳድ መጨረሻቸው አንድ ቫወል (አናባቢ) እና አንድ ኮንሶናንት (ተነባቢ) ስለሆነ የመጨረሻው ፊደል ይደገማል። ቢ-አይ-ጂ-ጂ-ኢ-ኤስ-ቲ። ሎንግ ላይ መጨረሻው ሁለት ኮንሶናንት ነው፣ አይደገምም። ቺፕ ላይ ቫወሉ ሁለት ነው፣ አይደገምም። ኒው እና ስሎው በደብልዩ ስለሚያልቁ አይደገምም። ናይስ ቀድሞም ኢ ስላለው ኤስ-ቲ ብቻ ይበቃዋል።

ጉድ ግን በአገጭም አይገኝም 😀 ጉድ ቤስት፣ ባድ ወርስት፣ ሊትል ሊስት፣ ማች እና ሜኒ ሞስት። እነዚህን በቃሏ ትያዝ።

ሰላማዊት ከሐዋሳ፦
ተባረክ! እህት፣ ይህን አንብቢላት። ሌላውን ተዪው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጁ አሳምሮ አስረድቷል። እኔ የምጨምረው የእኛ ተማሪዎች ዘወትር የሚወድቁበትን ነው። በአማርኛ «ከሁሉ ረጅም» ስለምንል «ቶል ዛን ኦል» ብለው ይጽፋሉ። ዛን የኮምፓራቲቭ ነው። ሱፐርላቲቭ ከፊቱ ዘ ይፈልጋል፣ ከኋላው ደግሞ ቦታ ሲሆን ኢን፣ ከብዙ መካከል ሲሆን ኦፍ። «ራስ ዳሸን ኢዝ ዘ ሃየስት ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ።» «ሺ ኢዝ ዘ ቶለስት ኦፍ ዘ ስሪ ሲስተርስ።» ዘ የሚቀረው ማይ፣ ሂዝ፣ አወር የመሳሰሉት ከቀደሙ ነው፤ ማይ ቤስት ፍሬንድ እንጂ ማይ ዘ ቤስት አይባልም።

አንድም አለ። «ዋን ኦፍ ዘ» ካለች ስሙ በብዙ ቁጥር ይሁን። ዳናኪል «ዋን ኦፍ ዘ ሆተስት ፕሌስስ» ነው እንጂ ፕሌስ አይደለም። ፈታኞች ይህን ክፍተት ይወዱታል። ባዶ ቦታውን ስትሞላ መጀመሪያ ከፊቱ ዘ መኖሩን፣ ቀጥሎ ከኋላው ዛን መኖሩን ትይ። ዛን ካለ ቢገር ነው፣ ቢገስት አይሆንም።

የሶስና እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አገጯን ይዛ እየቆጠረች ነው፣ ለቅሶውም አቁሟል። ሃፒየስትን አሁን ጻፈች። ጋሼ፣ የዘ ነገር የቤት ሥራዋ ላይም ነበረ፣ በሙሉ ትታዋለች። አሠርቻት ልመለስ።

ከጅዳ፦
ጥያቄው ከተከፈተ አይቀር እኔም ልግባ። ፋር ሲሆን ፋርዘስት ነው ፈርዘስት? የልጄ መጽሐፍ ላይ ሁለቱንም አየሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ለርቀት ሁለቱም ያስኬዳሉ። በኤ የሚጻፈው ፋርዘስት ለመንገድና ለቦታ ርቀት ይመረጣል። በዩ የሚጻፈው ፈርዘስት ሐሳብ ላይም ይገባል። ብሪታንያ ውስጥ ፈርዘስት ይበዛል።

ጫላ፦
ከጅዳ፣ እኔ ግን አሁንም አጭር ከሆነ ኢስት ነው የምለው።

ዘጠነኛ ቢ፦
ጋሽ ጫላ፣ ቦርድ አጭር ነው። አገጭ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወርደው። ግን ቦርደስት አይባልም፣ ሞስት ቦርድ ነው። ታየርድም እንደዚያው ሞስት ታየርድ ነው። ከግስ የመጡ በኢዲ የሚያልቁ ቅጽሎች ሞስት ነው የሚወስዱት። እትዬ፣ ካልተኛች ይህቺንም ይንገሯት፣ ፈተና ላይ ልትመጣ ትችላለች።