ክርክር፦ የአንጀት ባክቴሪያ በአመጋገብ መመሪያ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ?

አወያይ፦ ሰው የሚበላው ሲቀየር አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይቀየራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጠብ የለም። ጠቡ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ለልብ ሕመም፣ ለስኳርና ለውፍረት ምን ያህል ድርሻ አላቸው? ለሕዝብ በሚወጣ የአመጋገብ መመሪያስ ውስጥ ቦታ ይሰጣቸው? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ይግባ ባይ ነኝ። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጣቸው። አሜሪካውያኑ በቀን 14 ግራም ገደማ የነበረው ፋይበራቸው (በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለው ሰውነታችን የማይፈጨው ክፍል) ወደ 55 ከፍ አለ። የገጠሮቹ ከ66 ወደ 12 ወረደ፤ ስቡ ደግሞ ጨመረ። በሁለት ሳምንት ብቻ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ተገለበጠ። ቡታይሬት የሚባለው አሲድ በአሜሪካውያኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ሲጨምር በገጠሮቹ በግማሽ ቀነሰ። የአንጀት ግድግዳ መቆጣትም እንደዚያው፤ በአንዱ ወገን በረደ፣ በሌላው ተነሳ።

ቡታይሬት ምን ያደርግልናል? ፋይበርን የሚፈጭ ኢንዛይም እኛ የለንም። ትንሹን አንጀት እንዳለ አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጡት አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት ናቸው። የትልቁ አንጀት ሕዋሳት አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከቡታይሬት ነው። ፋይበር ሲጠፋስ? በአይጦች ላይ እንደታየው፣ የተራቡት ባክቴሪያዎች የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ። ሽፋኑ ሲሳሳ ደም ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር ሾልኮ ይገባል፤ ሰውነት ይቆጣል። የተቆጣ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዝም፣ የደም ሥሩም ይጎዳል። ይህን ሕዝቡ ለምን አያውቅም?

የልብ ሐኪሙ፦ ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ጥናት ነው። ግን የለካው ከአንጀት ካንሰር ስጋት ጋር የተያያዙ ምልክቶችን ነው። ልብን አልለካም። ከአይጥ ወደ ሰው መዝለልም ያስቸግረኛል።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ኮሌስትሮሉ የወጣ፣ ወገቡ የሰፋ ነው። ለዚህ ባክቴሪያ ሳንጠራ የምናስረዳው ብዙ ነገር አለ። አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ኮሌስትሮሉም ይወርዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2019 ያወጣው ጥናት ደግሞ 20 ሰዎችን ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በእጅጉ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ አበላቸው። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ወቅት ግን በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ያወፈራቸው አብልጠው መብላታቸው ነው።

የሥነ ምግብ ተማሪው፦ ዶክተር፣ ቲኤምኤኦን ምን ይሉታል? ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለውን ካርኒቲን የሚባል ንጥረ ነገር ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፣ ጉበት ደግሞ ቲኤምኤኦ የሚባል ውህድ ያደርገዋል። በ2013 የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች 4,007 ሰዎችን ሦስት ዓመት ተከታትለው፣ በደማቸው ብዙ ቲኤምኤኦ ያላቸው ለልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አገኟቸው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጥ ምርቱ ይቆማል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ካርኒቲን ሲሰጣቸውም ብዙ አያመርቱም። እዚህ ላይ ያለ ባክቴሪያ ታሪኩ አይሞላም።

የልብ ሐኪሙ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሣ ግን ቲኤምኤኦን በራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ደግሞ በልብ ሕመም ሲበልጡ አላየንም። ኩላሊት ሲደክምም ቲኤምኤኦ ደም ውስጥ ይከማቻል። የደከመ ኩላሊት ራሱ ልብን ይጎዳል። እና ቲኤምኤኦ ራሱ ገዳይ ነው ወይስ የሌላ ሕመም ምልክት? ይህ ሳይለይ መመሪያ ውስጥ አላስገባውም።

የስኳር ታማሚ፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይህ ክርክር እኛ ላይ ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት የሰገራ ናሙና ወስዶ ረጅም የባክቴሪያ ዝርዝር ላከልኝ፣ ከጎኑ "የተከለከሉ ምግቦች" ይላል። ባቄላና ምስር እዚያ ውስጥ ነበሩ። አምኜ ተውኳቸው፣ በምትኩ ነጭ ዳቦ አበዛሁ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ሲመጣ ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሜ ወደ ጥራጥሬው መለሰችኝ። እህቴ፣ መመሪያው ውስጥ ባክቴሪያ ሲገባ እነዚህ ሰዎች "መንግሥት እንኳ ብሏል" ብለው አይሸጡብንም?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ በጣም አዝናለሁ። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። "ጤነኛ ማይክሮባዮም (የአንጀት ባክቴሪያዎች ስብስብ) ይህን ይመስላል" የሚል ስምምነት የለም። ላብራቶሪዎች ዘዴያቸው ስለሚለያይ አንድ ናሙና የተለያየ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለስኳር ታማሚ ጥራጥሬ መከልከል ጥፋት ነው።

ዶክተር ላነሱት ግን መልስ አለኝ። በሰው ላይ የተሠራም አለ። በ2012 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ከቀጫጭን ሰዎች ሰገራ ወስዶ ሜታቦሊክ ሲንድሮም (የወገብ መስፋት፣ ከፍ ያለ ግፊት፣ ስኳርና የደም ስብ በአንድነት መታየት) ባለባቸው ወንዶች አንጀት ውስጥ አስገባ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ይበልጥ መታዘዝ ጀመረ። ምግባቸው ሳይቀየር! በኋላ በተደረገ ክትትል ለውጡ በ18 ሳምንት ጠፍቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ባክቴሪያው ድርሻ አለው፣ የሚያኖረው ግን ምግቡ ነው። በ2025 በሰሜን ታንዛኒያ በ77 ወንዶች ላይ የተሠራው ጥናትም አለ። ከገጠር ባህላዊ ምግብ ወደ ምዕራባውያን ዓይነት ምግብ በሁለት ሳምንት የተሻገሩት፣ የሰውነት መቆጣት ምልክቶች ከፍ አሉባቸው። ለውጡ በከፊል ከአራት ሳምንት በኋላም ይታይ ነበር።

የልብ ሐኪሙ፦ 18 ሳምንት ላይ መጥፋቱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ግምገማ፣ በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም ፋይበር መብላት ከ15 እስከ 30 በመቶ ካነሰ ሞት ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። ምክሩ ይኸው ነው። መንገዱ በባክቴሪያ ይሁን በሐሞት፣ ሰዎች እንዲበሉ መንገር እንችላለን።

ነርሷ፦ ዶክተር፣ መንገር ብቻ አይበቃም። ፋይበር አብዙ ብለን እንሸኛቸዋለን። በአንድ ጊዜ ብዙ ይጀምራሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ "አልተስማማኝም" ብለው በሳምንቱ ይተዉታል። ጋዙን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ቀስ እየተባለ ከተጨመረና ውሃ ከተጠጣ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው አይደነግጥም። መመሪያው ውስጥ ቢያንስ ይህ ይግባ።

የልብ ሐኪሙ፦ ይህን እቀበላለሁ። የባክቴሪያ ስም ዝርዝርና የምርመራ ማዘዣ ግን አይግባ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ በዝርዝሩ አልከራከርም። በአንድ ነገር ግን አልለቅም። በምግብ ላይ የሚሠሩት ትልልቅ የልብ ጥናቶች ደም ብቻ ወስደው አይሂዱ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰገራም ተወስዶ በብርድ ይቀመጥ። አለዚያ ከአሥር ዓመት በኋላም እኔና ዶክተር ምክንያት ነው፣ ምልክት ነው እያልን እዚሁ እንገናኛለን፣ የምንመረምረውም ናሙና አይኖረንም።