ልጄ የክትባት ካርዷን አገኘችው

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ (ደሴ)
ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። በሰባት ወሯ ነው የወሰድኳት። እናቷ ግቢያችን ውስጥ ተከራይ ነበረች፤ የሐርቡ ሰው፣ ሙስሊም። ታማ ሞተችብን። አባትየው ሳውዲ እንደሄደ ድምፁ ጠፋ። እኔ ክርስትና አስነሳኋት፣ በባለቤቴ ስም አስመዘገብኳት። "ትንሽ ትደግ" እያልኩ ሳልነግራት ዓመቱ ሄደ።

ለ8ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ የልደት ሰርተፍኬት አምጡ ተባሉ። እኔ ማሽን ላይ ነኝ፤ "ከብስኩት ጣሳው ውስጥ አውጪ" አልኳት። በ2014 ከተማውን ለቀን ደብረ ብርሃን ስንሰደድ ከወረቀት ይዤ የወጣሁት ያን ጣሳ ብቻ ነበር። ከስሩ የክትባት ካርዷ እንዳለ ረስቼዋለሁ። የሷ ስም አለ፤ የአባት ስም ግን ሌላ ነው።

አልጮኸችም። ካርዱን አምጥታ የምሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና "እማ፣ ይሄ ማነው?" አለች። ነገርኳት። በሳምንቱ የሒሳብ ደብተሯን የኋላ ሽፋን አየሁት። ስሟን ከሁለቱም አባቶች ጋር ጽፋዋለች፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ስምንት ጊዜ። ፊርማ የምትለማመድ ነው የሚመስለው።

አሁን መስታወት ፊት መቆም አብዝታለች። ፍንጭት ናት፤ እኛ ቤት ፍንጭት የለም። ጎረቤት ድሮ "ይቺ ፍንጭት ደግሞ ከማን መጣች?" እያለ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ ሞኝ። ትናንት ደግሞ "እኔ ሙስሊም ነኝ ክርስቲያን?" አለችኝ። የአባቷ እህት ሐርቡ እንዳለች አውቃለሁ። ልውሰዳት? እዚያው ብትቀርብኝስ?

የሀረጎ ሹፌር (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ እኔም ማደጎ ነኝ። የነገረኝ ሰርግ ላይ የሰከረ ጎረቤት ነው፣ በ17 ዓመቴ። እውነቱን ልንገርሽ? ካሳደገችኝ እናቴ አለመወለዴ አይደለም ያናደደኝ። ሰፈሩ ሁሉ፣ ባለሱቁ ሳይቀር፣ እያወቀ እኔ ብቻ አለማወቄ ነው ያንገበገበኝ። ስድስት ወር ከእናቴ ጋር በቅጡ አላወራሁም። ያንቺ ልጅ ቀጥ ብላ አንቺኑ ነው የጠየቀችው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ውሰጃት። መቼ የሚለውን ግን እሷ ትወስን። የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን፤ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያው ቀን ተመለሱ። ስለ እናቷ የምታውቂውን ደግሞ ትንንሹን ሳይቀር ንገሪያት። ምን ትወድ እንደነበር፣ እንዴት እንደምትስቅ። እኔ እስካሁን የወላጅ እናቴ ድምፅ ቀጭን ይሁን ወፍራም የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እና እባክሽ፣ "ስንት አይቼብሽ" የምትል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ። እኔን የገደለችኝ እሷ ናት።

ከፒያሳ
ተይው እቴ። ያሳደገ ነው ወላጅ። ወስደሽ ለዘመድ ካስረከብሽ በኋላ ብታለቅሺ ዋጋ የለውም። ፈተናዋን ትፈተን፣ ይረሳታል።

የሀረጎ ሹፌር (ኮምቦልቻ)
ወንድሜ፣ አይረሳም። እኔ 34 ሞላኝ።

ማመልከቻ ጸሐፊው
ስሟን ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ከፈተናው ጋር ይምታታባችኋል። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም ይላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚሁ ፍርድ ቤት ጠይቂ። ዋናው ጥያቄ፣ የጉዲፈቻ ውሉን ፍርድ ቤት አጽድቆታል ወይስ እንዲሁ ነው ያሳደግሻት? ሲጸድቅ የልጁ ሐሳብም ይጠየቃል።

የሸዋ በሯ
ልጄ፣ ሃይማኖቷን ዛሬውኑ ምረጪ ብላችሁ አታስጨንቋት። ወሎ ላይ ሆነን? የአጎቴ ልጆች ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። በዓል ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ቡናው አንድ ነው። አክስቷ ቤት ዱአ ካደረጉላት አሚን ትበል፤ ስትመለስ ካንቺ ጋር ትሳለም። ብቻ አንቺም አክስትየዋም በልብስና በስጦታ እንዳትጎትቷት።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ (ደሴ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሄድን። የሀረጎ ቁልቁለት ላይ አዙሯት የብርቱካን ልጣጭ እያሸተተች ነው የወረደችው። አክስትየዋ መጀመሪያ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ነው አንገቴን ይዛ ያለቀሰችው። ዱአ አደረጉልን። ልጄ ተነስታ ሲኒ አጠበች። እኔ ቤት ሲኒ አጥባ አታውቅም!

ስንመለስ ኮምቦልቻ እስክንደርስ ዝም አለች። ከዚያ "አክስቴ ፍንጭት የላትም፣ አይተሻል?" አለችኝ። አላየሁም ነበር። የእናቷን ጥርስ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ ኖረን አልመጣልህ አለኝ። የመጣልኝ እጇ ነው። ስትስቅ በሻሿ ጫፍ አፏን ትሸፍን ነበር። ይህንኑ ነገርኳት።

"በቃ ፍንጭት ነበረቻ!" አለች። "እኔም እኮ እሸፍናለሁ።"