የመጨረሻውን ሩክ መለወጥ፦ ዋጋ ያስከፈለን ስሕተት ከውድድር በኋላ እንዴት እንመርምረው?

ጥያቄ፤ ከ«ዘማራኪ»
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ለታዳጊዎች ቼዝ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ በቅርቡ በተካሄደ ውድድር የመጨረሻ ዙር እኩል ብትወጣ ኖሮ ለክልል ውድድር ታልፍ ነበር። ጥቁር ይዛ ንጉሥና ሩክ (ቀጥ ብሎ የሚሄደው ቁራጭ) ብቻ ቀርተዋት ነበር፤ ተጋጣሚዋ ደግሞ ንጉሥ፣ ሩክ እና በኢ መስመር 4ኛ ረድፍ ላይ ያለ አንድ ወታደር ነበረው፤ ንጉሡም ከወታደሩ ፊት ቆሞ ነበር። እሷ ሩኳን ከኋላ ስባ በንጉሧ አጠገብ በማቆም ልውውጥ ጠየቀች፤ ሩኮቹ ከወጡ በኋላ ግን የሚያድናት አልተገኘም። የቼዝ ፕሮግራሙ ስቶክፊሽ እርምጃው መጥፎ መሆኑን በቁጥር ያሳያል፤ እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ለምን እንደመረጠችው ነው። እናንተ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከተማሪ ጋር እንዴት ትመረምራላችሁ?

መልስ፤ ከ«ፈረሰኛው»
መምህር፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈትዎ በፊት በዚያች ሰዓት ያሰበችውን በራሷ ቃል እንድትጽፍ ያድርጉ፤ ቁጥሩን ካየች በኋላ ያሰበችው ሳይሆን ማሰብ የነበረባት ነው የሚጻፈው። እንደ እኔ ግምት «ቁራጭ ሲያንስ አደጋ ያንሳል» ብላ ይሆናል፤ ይህ በብዙ ታዳጊዎች ላይ የማየው እምነት ነው። እዚህ ላይ ግን እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሩክ እስካለ ድረስ ተከላካዩ ከኋላ ንጉሥ እያለ (ንጉሡን በቀጥታ እያጠቃ) ያጨናንቃል፤ ፈረንሳዊው ቼዘኛ ፊሊዶር እ.ኤ.አ. በ1777 ያሳየው መከላከያም የሚቆመው በዚሁ ነው፤ ሩኩ ከነጭ ወገን ሲቆጠር 6ኛውን ረድፍ ይዞ የነጩን ንጉሥ ያግዳል፣ ወታደሩ 6ኛው ረድፍ ላይ ሲረግጥ ደግሞ ወደ 1ኛው ረድፍ ወርዶ ከኋላ ንጉሥ ይላል። ሩኮቹ ከወጡ ግን የነጩ ንጉሥ ወታደሩን ቀድሞ 6ኛው ረድፍ ከደረሰ፣ ወታደሩ የጠርዝ እስካልሆነ ድረስ፣ ተራው የማንም ቢሆን ነጭ ያሸንፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ልለውጥ ወይስ አልለውጥ?» ሳይሆን «ከልውውጡ በኋላ የሚቀረውን የንጉሥና የወታደር ጨዋታ እስከ መጨረሻው ቆጥሬዋለሁ?» የሚለው ነው።

መልስ፤ ከ«የፒያሳ ቼዘኛ»
ልጅቱ ይህን ብታይ ትጽናናለች ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ውጤቱ 6.5 ለ 6.5 ሳለ፣ በ14ኛው ጨዋታ ዲንግ ሊረን በ55ኛው እርምጃው ሩኩን ኤፍ2 በሚባለው ቤት ላይ አድርጎ ልውውጥ ጠየቀ። ተጋጣሚው ህንዳዊው ጉኬሽ ሩኩን ከለወጠ በኋላ ቢሾፑን (በሰያፍ የምትሄደውን ቁራጭ) ዲ5 ላይ አቆመ፤ የዲንግ ቢሾፕ ጥግ ላይ ተዘግታ ስለነበር ከልውውጥ ማምለጥ አልቻለችም፤ የቀረው የተሸነፈ የወታደር ጨዋታ ነበር። በ18 ዓመቱ ጉኬሽ ሻምፒዮን ሆነ። ያንን እርምጃ የመረጠው በሥልጣን ላይ የነበረ የዓለም ሻምፒዮን ነው።

መልስ፤ ከ«እመዋ»
በአንድ ነገር ከፈረሰኛው እለያለሁ። ማስታወሻው ይጻፍ፣ ግን ጥቂት ቀን ይቆይ፤ የተጎዳ ልጅ በማግስቱ የሚጽፈው ራሱን የሚወቅስበትን ብቻ ነው።

«ዘማራኪ»
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስታወሻውን ሳምንቱ ሲያልቅ አጽፋታለሁ፤ ከዚያ ያንኑ አቀማመጥ በነጭ በኩል አስቀምጬ እኔን እንድታሸንፈኝ አደርጋታለሁ። ፈረሰኛው፣ ለጥቁር ሩክ ከወታደሩ ኋላ መቆየት ይሻላት ነበር ወይስ ወደ 6ኛው ረድፍ መሄድ?