እርጉዝ መሆኔን ስናገር «ኮንትራትሽ አልቋል» አሉኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። በየ6 ወሩ ኮንትራት እያስፈረሙኝ ዓመት ተኩል ሠራሁ። ደመወዜ 9,000 ብር ነው። እርጉዝ መሆኔን ለኃላፊዬ በነገርኩ በሳምንቱ «ኮንትራትሽ አልቋል፣ አይታደስም» ተባልኩ። በቃል ነው፣ ደብዳቤ የለም። አሁን «ክሊራንስ ፈርሚና የቀረሽን ደመወዝ ውሰጂ» ይላሉ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» የሚል አለበት። ባለቤቴ ፈርመሽ ተገላገዪ ይለኛል።

የሰሚት ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮንትራት ካለቀ አለቀ ነው። ቀኑን አይተሽ ነው የፈረምሽው። በከንቱ አትድከሚ።

ሕግ ተማሪ፦ @የሰሚት ልጅ ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቅጥር ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለጊዜው የሌለ ሠራተኛ መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ማቃለል። ሱቁ ክፍት እስካለ ድረስ ካሸር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 6 ወር መጻፉ ብቻ አሠሪውን አያድነውም።

እርግዝናው ደግሞ ሌላ ነው። ሕጉ እርግዝናን ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ጽፎታል። በእርግዝና ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስም ጥበቃ አለሽ። ሥራ ላይ ብትሆኚ ኖሮ ከነደመወዝሽ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ፈቃድ ይገባሽ ነበር። የቸኮሉት ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም!

ጋሽ ታዬ፦ ልጄ፣ ብዙ ዘመን ፔሮል ላይ ሠርቻለሁ። ያንን ወረቀት እንዳትፈርሚ። ባጅና ዩኒፎርም መመለስ፣ የካዝና ሂሳብ ማስረከብ ግድ ነው፤ ለዚያ የርክክብ ወረቀት ለብቻው አዘጋጁልኝ በያቸው። የሠራሽበት ደመወዝ ግን የፊርማ መያዣ አይሆንም። ሥራ ሲቋረጥ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀትም በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው።

ሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ ፍርድ ቤት አያየውም። የክፍያ ጥያቄ 6 ወር አለው። «እስቲ ልውለድና አያለሁ» ካልሽ የመመለሱ ነገር ያመልጥሻል።

ጠያቂ፦ ተመልሼ ከእነሱ ጋር መሥራት እንኳ አስጠልቶኛል። ብሩ ይሻለኛል። ስንት ይሆናል?

ሕግ ተማሪ፦ ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለና ካልተመለስሽ ካሣው የቀን አማካይ ደመወዝሽ 180 እጥፍ ነው። በደምሳሳው 9,000 ለ30 ሲካፈል 300፣ በ180 ሲባዛ 54,000 ብር። ከዓመት በላይ ስለሠራሽ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ክፍያ 18,000 ይታከላል። የሥራ ስንብት ክፍያም አብረሽ ጠይቂ።

ሰላም የፈረንሳይዋ፦ ወደ ወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ ያስማሙ ይሆናል፤ አቤቱታሽን ግን በጽሑፍ አስገብተሽ አንቺ ጋ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቺበት። ካሣ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ለጠበቃ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የኮንትራቱን ኮፒ ግን ሰጥተውኝ አያውቁም።

ጋሽ ታዬ፦ አያሳስብሽ፣ ክስ ላይ «አሠሪው ዘንድ ያለው ይቅረብልኝ» ብለሽ ታስጽፊያለሽ። እስከዚያ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት አውጪ፣ የሺፍት ፕሮግራም የላኩበትን የቴሌግራም ግሩፕም ሳያስወጡሽ ስክሪንሾት አድርጊው። የሐኪም ወረቀትሽን አትርሺ፤ ቀኑ ከተባረርሽበት በፊት መሆኑ ይጠቅምሻል።