«ነጥሮ የወጣ አብራሪ» ሙገሳ ነው ወይስ ሽሙጥ?

ከከዚራ (ጠያቂ)፦
እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስመጣ አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ዘጭ አለ፣ እንደ ኳስ መልሶ ተነሣ፣ ከዚያ ሞተሩ አጓራና ወደ ሰማይ ተመለስን። ተራራው በመስኮቴ ሁለት ጊዜ አለፈ። በሁለተኛው ዙር በደህና ወረድን። ማታ ከዛፉ ሥር ሻይ ስንጠጣ ጉዳዩን ለአንድ ጎረቤታችን አወራሁላቸው፤ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ ሰው ናቸው። ፈገግ ብለው «እንግዲያው አብራሪህ ነጥሮ የወጣ ነው» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ «አዎ ጋሼ፣ ጎበዝ ነው» ስል አብሮን የተቀመጠው ሁሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ነጠረ» ዘንድ ቅቤም ኳስም ተቀምጠዋል። የትኛውን ማለታቸው ነው?

ከሐረር፣ ጀጎል፦
ወንድሜ፣ ሁለቱንም ነው። ልጁ ኳስ ያነጥራል፣ እናቱ ቅቤ ታነጥራለች፤ ቃሉ በቅርጹ አይለይም። «ነጥሮ ወጣ» የምንለው ፈሊጥ ከቅቤውና ከወርቁ ወገን ነው፤ አተላው ቀርቶ ጥሩው ተለይቶ ታየ ማለት ነው። ከክፍሉ ነጥሮ የወጣ ተማሪ፣ ከገጣሚዎች መካከል ነጥሮ የወጣ እንላለን። ጋሼ አንድ ፊደል ሳይነኩ ወደ ኳሱ አዞሩት። መጀመሪያ ነጠረ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ወጣ። ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ የአውሮፕላኑ ጎማ።

ከሳቢያን፦
የበረራ ሥልጠና ቀምሼ የተውኩ ሰው ስለሆንኩ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አብራሪዎች ጎማው መሬት መንካቱ ሳይታወቅ ሲያርፉ «ቅቤ» ነው የሚሉት። ያለ ኮሽታ ያረፈው ሁሉ ቅቤ፣ ቅቤ ይባላል። ይህን ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው ወዮለት! የእኛ ቅቤ ይነጥራላ።

ከቀፊራ፦
ልጆቼ፣ ስለ ቅቤ ከሆነ እኔም አለሁበት። ድሬ ላይ ቅቤ ከገበያ ቤት እስኪደርስ በፌስታሉ ውስጥ ይፈስሳል። ያ መቅለጥ ነው እንጂ መንጠር አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱ። የሚነጥረው እሳት ላይ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ገብቶበት ነው። በመጀመሪያ ይንጣጣል፤ ውሃው እየወጣ ነው። አረፋ ይነሣል። ድምፁ ጠፍቶ አረፋው ሲያርፍ ቅቤው ነጥሯል፣ አውርጂው ማለት ነው። እናንተ በምታወሩት ግን የነጠረው ይነሣል አላችሁ። የእኔው ሲነጥር ያርፋል።

ከሐረር፣ ጀጎል፦
እትዬ፣ «አረፋው ሲያርፍ» ያሉትን ለብቻው ጽፌ አስቀምጫለሁ።

«አረፈ» ራሱ ስንት ነገር ተሸክሟል! እንግዳው ሆቴል አረፈ። ሠራተኛው እሑድ አረፈ። ጥፊ ጉንጩ ላይ አረፈ። ልጅ ሲረብሽ «አርፈህ ተቀመጥ» ነው። ሽማግሌው አረፉ ሲባል ደግሞ ቤቱ ያለቅሳል። በጥንቱ አጻጻፍ በዐይኑ «ዐ» ነው፤ ዕረፍት የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ዐይኑን ይዞ ቀርቷል። ጋዜጣ «አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ» ብሎ ሲጽፍ እኔ ሁልጊዜ ትንሽ እሳቀቃለሁ፤ ለሙት የምንመኘው ቃል ነውና። «አብራሪው አረፈ» ከተባለማ ዝርዝሩን ሳይሰሙ ድንኳን መጣል ነው የሚቀረው።

ከሳቢያን፦
ለዚህ ነው የአብራሪዎች ቀልድ አማርኛ ላይ የሚከብደው። የታወቀ አባባል አላቸው፤ መነሣት በፈቃድህ ነው፣ ማረፍ ግን ግዴታህ ነው። በእንግሊዝኛ ስለ አውሮፕላን ብቻ ነው የሚያወራው። በእኛ አፍ ግን ስብከት ይሆናል። ሌላውም እንዲሁ ነው፦ በእግርህ ሄደህ ከወጣህ ጥሩ አርፈሃል፤ አውሮፕላኑ ነገም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እጅግ ጥሩ። በእግሩ ያልወጣውም በእኛ ቋንቋ አርፏል።

ያለ ችግር የሚሻገረው ስለ ከንቱ ነገሮች የሚሉት ነው፦ ከበላይህ ያለ ከፍታ፣ ከኋላህ የቀረ ማኮብኮቢያ፣ ቦቴው ውስጥ የቀረ ነዳጅ። «ቦቴ» የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ያላት ጣዕም! ነዳጅ የጫነ መኪና ሲያልፍ እያየ ያደገ የድሬ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

ከከዚራ (ጠያቂ)፦
ማኮብኮቢያ ወይስ መንደርደሪያ?

ከሐረር፣ ጀጎል፦
ሁለቱም ይሠራል፤ እኔ ማኮብኮቢያ እመርጣለሁ። መንደርደሪያን ጸሐፊዎች ለጽሑፍ መግቢያ ወስደውታል። አኮበኮበ የወፏ ነው፤ ክንፍ ዘርግታ ልትነሣ ስትል። ሊሄድ ልቡ የተነሣ ሰው «አኮብኩቧል» የሚባለውም ከዚያ ነው።

ከቀፊራ፦
ልጄ፣ ዘጭ ማለቱ ግን የአብራሪው ጥፋት ነው አይደል? እኔ ስወርድ ሆዴ አብሮ ነበር ዘጭ ያለው።

ከሳቢያን፦
እትዬ፣ ሁሉም ዘጭ ጥፋት አይደለም። ማኮብኮቢያው ዝናብ ከጠጣ ጎማው ውሃው ላይ እንዳይንሳፈፍ ሆን ተብሎ ጠንከር ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ቅቤ ላስመስል ብሎ መሬቱን ሳይነካ የሚንሳፈፍ አብራሪ ማኮብኮቢያውን እየበላ ነው፤ ያ የበላው ደግሞ ከላይ ካልኳቸው ከከንቱዎቹ አንዱ ነው።

ድሬ ላይ የራሷ ጣጣም አለባት። አውሮፕላን ማረፊያው 1,160 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ በመደበኛው አየር ከ2,100 ሜትር በላይ ያለ ያህል ይሆናል። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ በቀትር ድሬ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን፣ ለክንፉ ከሐረር በላይ ነው ያለው! የፍጥነት መለኪያው የለመደውን ቁጥር እያሳየ፣ ጎማው ግን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአሥር በመቶ ያህል ፈጥኖ መሬት ይነካል።

ከሐረር፣ ጀጎል፦
ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንጌጎን ዳገት ሳንወጣ ሐረር ገባን በለኛ።

ከከዚራ (ጠያቂ)፦
ከዚህ ጉዳይ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የአብራሪዎችን ወግ ሳነብ አመሸሁ። አንዱ ሲመክር፣ ማታ ሞተር ከጠፋብህ ወደ መሬት ስትቀርብ የማረፊያውን መብራት አብራ፤ ያየኸውን ካልወደድከው መልሰህ አጥፋው ይላል። ይህስ ቀልድ መሆኑ ያስታውቃል። ሌላው ግን ከምሩ «ከነጠርክ አፍንጫውን ቶሎ ወደ ታች ድፋው» አለ።

ከሳቢያን፦
እሱን አትስማ! አውሮፕላን የሚሰብር ምክር ነው። አፍንጫውን ሲደፋው የፊቱ ጎማ ቀድሞ መሬት ይመታል፣ ይነጥራል፤ ደንግጦ ቀና ያደርገዋል፣ መልሶ ይደፋዋል፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይብሳል። ኑሮን ለማሸነፍ «ደፋ ቀና» የምንለው እዚያ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው የፊት ጎማው ሲሰበር ነው። ደህናው መንገድ አፍንጫውን ይዞ፣ ጉልበት ጨምሮ፣ መነሣትና እንደገና መምጣት ነው። አሠልጣኞቻችን ለማይሰማ ተማሪ ተረት ነበራቸው፦ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ኢንተርኔት ላይ ግን መካሪውና መከራው አንድ ሰው ሆነዋል።

ከከዚራ (ጠያቂ)፦
ዛሬ ጋሼን አገኘኋቸው። ሐረርና ሳቢያን ያላችሁትን አንብቤላቸው «ታዲያ የትኛው ነው፣ የኳሱ ወይስ የቅቤው?» አልኳቸው። ሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና መልሰው ጠየቁኝ፦
«ከነጠረ በኋላ አፍንጫውን ደፋ ወይስ ቀና አደረገ?»
«ቀና» አልኳቸው።
«እንግዲያው የቅቤው ነው።»