አይጥ የመኪናዬን ሽቦ እየበላ አስቸገረኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ የማሳድራት ግቢ ውስጥ የገብስ ጭድ ክምር አጠገብ ነው፣ የዚህን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ ማታ ማታ አይጥ ሙቀት ፍለጋ ሞተር ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረች ጉልበትም አጣች ቼክ ኢንጂንም በራ። ኮፈኑን ስከፍት የአየር ፊልትሮው አጠገብ ጭድና የበግ ጸጉር ጎዝጉዞ ቤት ሠርቷል፣ ወደ 3ኛው ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ብቻ ቀርቷል ሌላውማ ጭራሽ ተበጥሷል። ኤሌክትሪሺያን ቀጥሎ በናስትሮ ጠቀለለልኝ፣ 4 ቀን ደህና ሄደች በ5ኛው ናስትሮውንም ሽቦውንም እዚያው ቦታ ላይ በልቶት አገኘሁት። የሚያጣብቅ ወጥመድ አድርጌ 2 ያዘ ግን አላለቁም፣ መርዝ ደግሞ ድመታችን የሞተውን እንዳትበላ ፈርቼ ተውኩት። ጭዱ የከብቶቹ ነው አላነሳውም፣ ሌላ ማቆሚያም የለኝም። እናቴን በየ15 ቀኑ ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር የማመላልሳት በዚችው መኪና ነው፣ መንገድ ላይ ብትቆምብንስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሽቦውን እንደገና ከማስቀጠሌ በፊት፣ የሞተር ሙቀት የሚችል የአይጥ ጥርስም የማይበሳው በምን ልሸፍነው?