የቤተሰብ ገጠመኝ ሰውን የትምህርት ቤት ምርጫ ደጋፊ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የሆጤ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው፤ ጥያቄዬም በቤተሰባችን ውስጥ ለወራት ሲያከራክረን ከቆየ ጉዳይ የተነሣ ነው። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ከቤታቸው አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ ሲማር ቆይቶ አራተኛ ክፍል ሲደርስ አንዲት አጭር አንቀጽ እንኳ ሳይደናቀፍ ማንበብ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት በሳዑዲ ዓረቢያ ተቀጥራ የምትሠራው አክስቱ «ክፍያውን እኔ እችላለሁ» ብላ ወደ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንዲዛወር አደረገች። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ አቀላጥፎ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ማታ ማታም ታናሽ እህቱን ያስጠናል።

የእህቴ ባል ከዚያ በፊት ስለ ትምህርት ፖሊሲ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አሁን ግን ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ላይ ሰው ካገኘ፣ መንግሥት ለአንድ ተማሪ የሚያወጣውን ገንዘብ ወላጁ ወደ መረጠው ትምህርት ቤት ይዞ እንዲሄድ ሊፈቅድ ይገባል እያለ ይከራከራል። እኔ በበኩሌ የአንድ ልጅ ታሪክ ለአገር የሚሆን ሕግ አይወጣውም ባይ ነኝ፤ በዓይኑ ያየ ሰው ግን በዚህ ዓይነት ክርክር ከአቋሙ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለ ገጠመኝ ሰውን ይህን ያህል ጽኑ ደጋፊ የሚያደርገው ምን ቢሆን ነው? ድጋፉስ ምን ያህል መሠረት አለው ትላላችሁ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

ወንድሜ፣ አማችህ ያየው ነገር እንደ ቀላል የሚታይ ማስረጃ አይደለም። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ እናቱም ያቺው እናት፣ ቤቱም ያው ቤት ነው፤ በግልጽ የተለወጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እንዲህ ያለውን ንጽጽር ወላጅ የሚያገኘው ከትምህርት ቢሮ ሪፖርት ሳይሆን ማታ የልጁን ደብተር ሲያገላብጥ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለዓመታት «ልጅህ ሰነፍ ነው» ሲባል ለኖረ አባት ስንፍናው የልጁ እንዳልነበረ ማወቅ እፎይታም ቁጭትም ነው። ልጁ ማንበብ በመቻሉ ደስ የተሰኘ ሰው አክስቲቱን አመስግኖ ዝም ሊል ይችላል፤ ቁጭት የገባው ሰው ግን ለቅሶ ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤቱ ጋር አብረው የተለወጡ ነገሮች አሉ። ገንዘብ የሚከፈልበት ትምህርት ሲሆን ቤተሰቡ ክትትሉን ያጠብቃል፤ አክስቲቱም ከሳዑዲ እየደወለች «ስንተኛ ወጣ?» ትላለች። ልጁ ራሱ አድጓል። ትምህርት ቤቱ አዲስ ተማሪ ሲቀበል ፈትኖ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ፣ ፈተናውን የወደቀው ልጅ አባት ሠርግ ላይ ቆሞ ስለ ምርጫ ስለማይከራከር፣ ወደ ጆሯችን የሚደርሰው የተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ብቻ ይሆናል። ምስክርነቱን አልጥልም፤ ነገር ግን ስለ አንድ ልጅ የተሰጠ ምስክርነት እንጂ ስለ ከተማው ልጆች ሁሉ የተሰጠ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት የሽማግሌ ወሬ ይመስል ይሆናል። ወሎ ውስጥ ትምህርት ቤት መምረጥ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን ከቦረና፣ ከተንታ፣ ከመቅደላና ከኩታበር የመጡ ልጆች ደሴ ላይ ቤት ተከራይተው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ከአገር ቤት እየተላከላቸው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። አባታቸው ስንቅ ሲቋጥር ያደርግ የነበረው ምርጫ ነው፤ ልጁን ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ላስቀረው ወይስ አስኳላ ልስደደው ብሎ ከዘመድ ጋር የመከረውም እንዲሁ። በኋላ ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ ወደ ሕዝብ ይዞታ አዞራቸው፤ በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ እስኪያበረታታ ድረስም ከተሜው ወላጅ ልጁን ሰፈሩ ወዳለው ትምህርት ቤት ከመላክ ውጭ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። አማችህ በዕድሜው በዚያ ዘመን የተማረ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት የሚመረጥ ነገር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በገዛ ልጁ ነው ማለት ነው። እንዲህ አጥብቆ መያዙ አያስደንቀኝም።

መልስ፦ የፒያሳው አንባቢ

ጠያቂው የአንድ ልጅ ታሪክ ሕግ አይወጣውም ብለዋል፤ በሌላ አገር ግን ወጥቶታል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ቨርጂኒያ ዋልደን ፎርድ የተባሉ እናት፣ ልጃቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳለ ከመስመር እየወጣ ሲያስቸግራቸው፣ አንድ ጎረቤት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ እርዳታ አደረገላቸውና ልጁ ተለወጠ። እርሳቸውም በዚህ ሳያበቁ ሌሎች ወላጆችን አስተባብረው ምክር ቤቱን ደጅ ሲጠኑ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የከተማዋ ቤተሰቦች ልጆች በመንግሥት ገንዘብ የግል ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚያስችል ሕግ ጸደቀ። በጎረቤቱ ምትክ አክስቲቱን ቢያስገቡ የእህትዎ ቤት ታሪክ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ በዊስኮንሲን ግዛት የሚልዋኪ ከተማን ተመሳሳይ የክፍያ መርሐ ግብር በምክር ቤት ታግለው ያስጀመሩት ፖሊ ዊሊያምስም ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ነበሩ። መርሐ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት ያቀፈው 341 ተማሪዎችንና 7 ትምህርት ቤቶችን ብቻ ሲሆን ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተወሰነ ነበር። ዓመታት አልፈው የገቢ ጣሪያው ከፍ ብሎ ለተሻለ ገቢ ላላቸውም ይከፈት ሲባል ከተቃወሙት ሰዎች አንዷ እኚሁ ሴት ሆኑ። የቤተሰብ ገጠመኝ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ችግሩን የቀመሰ ሰው ገንዘቡ ለማን እንደሚያስፈልግ አይረሳም። ሐሳቡን ከመጽሐፍ ያገኙት ሰዎች ለሁሉም እኩል ይከፈል ማለት ይቀናቸዋል።

የቺሊ ጉዳይ ለአማችዎ ሊነገራቸው ይገባል። ያ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የመንግሥት ገንዘብ ተማሪውን ተከትሎ ወደ መንግሥትም ወደ ግልም ትምህርት ቤት እንዲሄድ አደረገ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪ እየመረጡ መቀበል ይችሉ ስለነበርና በኋላም ከወላጅ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ስለተፈቀደላቸው፣ የባለጸጋውና የድሃው ልጅ በየፊናቸው ተለያዩ። ለድሃ ልጅ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍ እንዲል የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ተማሪ መምረጥና ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር የሚያደርገው ሕግ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኔዘርላንድስ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ከመንግሥቶቹ እኩል ስትደጉም ኖራለች፤ ነገር ግን ያ ሥርዓት የተመሠረተው በሃይማኖት ወገኖች መካከል በተደረገ የረጅም ጊዜ ድርድር ስለሆነ ከእኛ ጥያቄ ትንሽ ይርቃል።

መልስ፦ እናት ከኮምቦልቻ

የእኔ ገጠመኝ በተቃራኒው ነው። ትልቋ ልጄ የግል ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ለክፍያ ጭማሪ ስብሰባ እንጠራ ነበር። ባለቤቴ የፋብሪካ ደመወዝተኛ ስለሆነ አንድ ዓመት ላይ አቃተንና ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መሸኛ አወጣንላት። እዚያ የገጠማት የሒሳብ መምህር የግሉ ትምህርት ቤት ያላገኘውን መምህር ነው። እኔም እንግዲህ ሠርግ ላይ ብከራከር የምከራከረው ለመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው! የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከፍሎ ማስተማር በራሱ ዋስትና አለመሆኑን ያኔ የተረዳው ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ጠያቂው ፈረቃን እንደ ጉድለት ጠቅሰውታል። ለእኔ ግን ታናሿ ልጄ ከሰዓት በኋላ መድረሳ መሄድ የቻለችው የትምህርት ቤቷ ፈረቃ ጠዋት ስለሆነ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በነጻ ቢሰጠኝ እንኳ ሁለቴ አስባለሁ። ወላጅ የሚመርጠው በውጤት ብቻ አይደለም። ማን አብሯት ይሄዳል፣ አስፋልት ታቋርጣለች ወይ፣ ምሳ የት ትበላለች የሚለው ሁሉ ምርጫው ውስጥ አለ። ደሴ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ ቢሉኝ በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ የምትወጣና የምትወርድ ልጅ ምን ጉልበት ይተርፋታል?

በቃሉ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ዘመዶቼ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ያላቸው። ለእነርሱ ገንዘቡን ይዛችሁ ሂዱ ማለት ወዴት ሂዱ ማለት ነው? በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉም አይተናል፤ በዚያን ጊዜ መምረጥ የቻለው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው ነበር። ስለዚህ መነሻችን በከተማ ውስጥ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል ወላጅ በግልጽ መስፈርት እንዲመርጥ መፍቀድ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ዛሬ ከሰፈሩ ውጭ ልጁን ማስመዝገብ የሚችለው ሰው የሚያውቅ ነው።

ጠያቂ፦ የሆጤ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለእህቴ ባል አነበብኩለት። ስለ ቺሊ ስነግረው የመለሰልኝ «የአክስቱ ኮንትራት ሲያልቅስ?» ብሎ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ ያልገለጽኩት ነገር አለ፤ የልጁ ታናሽ እህት አሁንም እዚያው የቀድሞው ትምህርት ቤት ናት፣ አክስቲቱ ለሁለት መክፈል አትችልምና። መምህር፣ እርስዎ ስለ ፈተናው ያነሱት አሳስቦኛል፤ መንግሥት ቢከፍልስ ትምህርት ቤቶቹ የሚፈልጉትን ልጅ ብቻ ከመቀበል የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

ይህን ቀድመህ ብትነግረን መልሴ ያጥር ነበር። አማችህ ለምርጫ የሚከራከረው አንዱን ልጅ መርጦ ሌላዋን ለመተው ስለተገደደ ጭምር ነው። በአንድ ማዕድ ለሚበሉ ሁለት ልጆች ሁለት ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ አባት፣ «የአንድ ልጅ ታሪክ ነው» የሚለው መልስህ አይዋጥለትም፤ እርሱ ዘንድ ታሪኩ የሁለት ልጆች ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የሚያግዳቸው ሕጉ ላይ የተጻፈ ግዴታ ብቻ ነው። ሚልዋኪ ላይ አመልካች ከቦታው ሲበልጥ ትምህርት ቤቱ በዕጣ እንዲቀበል ተደንግጓል፤ ቺሊም እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ሕግ በኋላ ምደባውን አመልካች ሲበዛ ዕጣ በሚጥል ማዕከላዊ ሥርዓት ታደርገዋለች። ዕጣ የሌለበት ክፍያ ቢታወጅ የሚጠቀመው ያለ ክፍያውም ይገባ የነበረው ልጅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የልዩነቱ ነው፤ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ካነሰ ቀሪውን ማን ይሞላል? ወላጁ ይሙላ ከተባለ አክስት ያለው ልጅ ይማራል፣ የሌለው ይቀራል፤ ዛሬ ካለንበት ብዙም አልራቅንም።

የኮምቦልቻዋ እኅታችን ያነሡት ሐሳብ አዲስ በጀት ሳይጠይቅ ሊጀመር የሚችል በመሆኑ እኔ እደግፈዋለሁ፤ ችግሩ ሁሉም ወላጅ ወደ አንድ ሁለት ትምህርት ቤት መጉረፉ ነው፣ እዚያም ዕጣው ያስፈልጋል። ትንሿ ልጅ ግን ሕግ እስኪወጣ አትጠብቅም። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አልነገርከንም፤ ሦስተኛ ክፍል ካልደረሰች አባቷ በወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ተገኝቶ የልጆቹ የንባብ ችሎታ በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ እየተለካ ለወላጅ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቅ። ወንድሟ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ማንበብ አለመቻሉን ለቤተሰቡ በወቅቱ የነገረ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ከሠርግ ቤት ይልቅ እዚያ ስብሰባ ላይ ቢናገረው የሚመለከታቸው ሰዎች ይሰሙታል።